ውጭ አገር ሞተር ተከራይተን ለምንነዳ ሰዎች መድኑን በግልጽ ንገሩን

ግልጽ ደብዳቤ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ የጉዞ መድን ለሚሸጡ የጉዞ ወኪሎች እና የኢንሹራንስ ሥራን ለሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ

ከደሴ፣ ወሎ

ጤና ይስጥልኝ።

ነገሬን አላዞርም። አንድ ሰው ውጭ አገር ሞተር ተከራይቶ ሊጓዝ አስቦ ከእናንተ የጉዞ መድን ሲገዛ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ ሞተር ላይ እያለ አደጋ ቢደርስበት ምን እንደሚከፈልለትና ምን እንደማይከፈልለት በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይሰጠው። ውሉ ሞተር የማይሸፍን ከሆነ አይሸፍንም ይባል። ሞተር የሚሸፍን ውል ከሌላችሁ ደግሞ አዘጋጁልን። ተጨማሪ አረቦን (የመድን ክፍያ) ይኖረዋል፤ እናውቃለን፤ እንከፍላለን።

እኔ ደሴ ውስጥ ሞተር እጠግናለሁ፤ እነዳለሁም። እዚህ አካባቢ ሞተር የሚወድ ሰው ብዙ ነው። እሑድ ሲሆን ተሰባስቦ ሐይቅ ድረስ የሚሄድ አለ፣ ባቲ የሚወርድ አለ። ሐረጎን በጭጋግ ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የሚገባ ሰው የሞተርን ነገር ያውቀዋል። አሁን አሁን ከመካከላችን ራቅ ብሎ ማሰብ የጀመረ አለ። አስተማሪ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ አለ። ሐሳባቸው ናይሮቢ በአውሮፕላን ሄደው እዚያ ሞተር ተከራይተው ናይቫሻን፣ ናኩሩን፣ የኬንያ ተራራን ዙሪያ ማየት ነው። የራሳቸውን ሞተር ይዘው በሞያሌ እንዳይሻገሩ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የጉምሩኩም ወረቀት አለ። መከራየት ይቀላል። ታዲያ ሁሉም ነገር ታስቦ አልቆ መጨረሻ ላይ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ብንወድቅስ?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ አንድ ኩባንያ ቅርንጫፍ ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ አይመስለኝምና። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ትሁት ናት፣ አክብራ ነው ያነጋገረችን። "ሞተር ብንነዳ ይሸፍናል ወይ?" አልናት። "ሙሉ ሽፋን ነው፣ አብሽሩ" አለችን። ውሉን አሳዪን ስንላት ከክፍያ በኋላ በኢሜይል እንደሚላክ ነገረችን። ለምነን ናሙናውን አስወጣን። እንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው። አስተማሪው ጓደኛችን ቁጭ ብሎ አነበበው። የማይሸፈኑ ነገሮች የሚለው ክፍል ውስጥ፣ ተራራ መውጣትና በፓራሹት መዝለል ከተደረደሩበት መሐል፣ ባለሁለት ጎማ ሞተር መንዳትም አለ። ለልጅቷ አሳየናት። እሷም ከእኛ ጋር ነው ያየችው። ማንም አላሠለጠናትም፤ ጥፋቱን እሷ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ምክንያቱን እገምታለሁ። እኛ አገር የጉዞ መድን በአብዛኛው የሚሸጠው ለቪዛ ነው። ሸንገን ቪዛ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የሕክምና ሽፋን ይጠይቃል፤ ተጓዡ ወረቀቱን ገዝቶ ለኤምባሲው ያስገባል፣ ከዚያ በኋላ ገልጦም አያየው። ሻጩም የሚያስበው ቪዛውን ነው። ሞተር ተከራይቶ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ደንበኛ መስኮታችሁ ላይ ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም። እኛ ግን መጥተናል።

ዋናው ነገር ወደዚህ ነው። ሞተር የሚያከራየው ድርጅት "ሞተሩ ኢንሹራንስ አለው" ሲል እውነቱን ነው። ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ እሱ የሚናገረው ስለ አንዱ ወይም ስለ ሁለቱ ነው። አንደኛው በመንገድ ላይ ለምትጎዳው ሰውና ንብረት ነው። ሁለተኛው ለሞተሩ ነው። ሦስተኛው ለአንተ ለራስህ አካል ነው። ሦስተኛውን አከራዩ በአብዛኛው አይሸጥልህም፤ ይዘኸው መሄድ አለብህ፣ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ገዝተህ ማለት ነው። ጭቅጭቁም ሐዘኑም የሚመጣው እነዚህ ሦስቱ ሲደባለቁ ነው።

የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሕግ እኛ አገር ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ አይወጣም። ኬንያም በሕግ ግዴታ ነው። ሰው ብትገጭ፣ የሰው መኪና ብትጭር፣ ይሄ መድን ይመጣል። ነጂው ግን ሦስተኛ ወገን አይደለም። እግሩ ቢሰበር ከዚህ ወረቀት ካሳ አያገኝም። ከኋላ የተፈናጠጠው ሰውስ? እሱ እንደ ውሉ ነው። አንዳንዱ ይይዘዋል፣ አንዳንዱ በግልጽ ያስወጣዋል። ሚስቱን ወይም ጓደኛውን አፈናጥጦ ሊዞር ያሰበ ሰው ይህችን መስመር ፈልጎ ማንበብ አለበት።

ድንበር መሻገር ካለ ደግሞ ኮምቦልቻ ያሉ በጂቡቲ መስመር የሚሠሩ ሹፌሮችን ጠይቁ። ከደረቅ ወደቡ ተነስተው በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ ሲመላለሱ የሎ ካርድ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የሎ ካርድ በ1986 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የመጣ ነው። በአንድ አባል አገር የተሰጠ ካርድ ሌላው አባል አገር ውስጥ ለሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ይሠራል፤ ለነጂውና ለተሳፋሪውም የተወሰነ የሕክምና ወጪ ይይዛል። ሞተሩን ናይሮቢ ተከራይቶ ወደ ኡጋንዳ ወይም ወደ ታንዛኒያ ሊሻገር ያሰበ ሰው ካርዱ በዚያው ሞተር ታርጋ መውጣቱን፣ አከራዩም እንዲሻገር በጽሑፍ መፍቀዱን ማረጋገጥ አለበት። ካርዱ ሞተሩ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ግን አይከፍልም። ይሄንን ስንቱ ሰው ያውቃል? የጭነት መኪና ሹፌሮቻችን በሥራ ተምረውታል፤ ለመንሸራሸር የሚሄደው ሰው ግን የሚነግረው የለም።

ሁለተኛው የሞተሩ ነው፤ ኪስ የሚያራግፈው እሱ ነው። አከራዩ ሙሉ ሽፋን ገብቶለት ይሆናል። ነገር ግን ውሉ ውስጥ ኤክሰስ የሚባል ተከራዩ ከራሱ ኪስ የሚሸፍነው ድርሻ አለ። ለምሳሌ ኤክሰሱ 1,000 ዶላር ነው እንበል። ሞተሩ የ700 ዶላር ጉዳት ቢደርስበት ሰባት መቶውንም የምትከፍለው አንተ ነህ። ጉዳቱ 3,000 ቢሆን አንድ ሺውን አንተ፣ ሁለት ሺውን ኩባንያው። በተራ መውደቅ ሞተር ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከኤክሰሱ በታች ነው። እኔ በየቀኑ የማየው ይሄንኑ ነው። ሞተር ቆሞ እንኳን በጎኑ ሲወድቅ ስፖኪዮ ይሰበራል፣ ፍሬቻ ይረግፋል፣ የፍሬን እጀታ ይጣመማል፣ ሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንኩ) ይጎደጉዳል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይፋቃል። አንዱም ትልቅ አይደለም፤ ተደምሮ ግን የጉዞ ገንዘብ ይበላል። ብዙ የኪራይ ውል ላይ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ስፖኪዮና መስታወት ጭራሹን ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ሞተሩ ጋራዥ ለሚቆይበት ጊዜ የኪራይ ማካካሻ የሚጠይቁም አሉ።

አንዳንዱ አከራይ በቀን ጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ ተቀብሎ ኤክሰሱን ዝቅ ያደርጋል። እኔን ብትጠይቁኝ ለሞተር ይሄ የሚያዋጣ ነው። ሞተር ይወድቃል። መኪና ተከራይቶ ሳይነካ መመለስ ይቻላል፤ በማያውቁት መንገድ፣ በግራ በሚነዳበት አገር፣ ከባድ ሞተር ይዞ ምንም ሳይነኩ መመለስ ግን ዕድልም ይጠይቃል። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። አደባባይ ላይና ከነዳጅ ማደያ ሲወጡ እጅ የለመደው ወደ ቀኝ ይስባል።

መያዣውም ሌላ ራስ ምታት ነው። ውጭ ያለው አከራይ መያዣውን በክሬዲት ካርድ ላይ ማገድ ይፈልጋል። እኛ ክሬዲት ካርድ የለንም፤ ያለን ባንክ ዶላር የሚሞላበት ካርድ ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ለመያዣ እሱን አይቀበሉም። ስለዚህ ጥሬ ዶላር አስይዝ ይባላል። ለጉዞ ከባንክ የተፈቀደችውን ምንዛሪ ግማሿን አስይዞ ምን ይበላል? ታይላንድን በመሳሰሉ አገሮች ደግሞ ፓስፖርት አስይዝ የሚል አከራይ ሞልቷል። ፓስፖርት በፍጹም አይያዝም። አደጋ ደርሶ ከአከራዩ ጋር ካልተስማማህ ፓስፖርትህ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ያለው ዋጋ ሁሉ ልክ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክንም የምጠይቀው አለኝ። ለተሽከርካሪ ኪራይ መያዣ የሚሆን፣ ሲመለስ ተመላሽ የሚደረግ የምንዛሪ አሠራር ባንኮች እንዲያዘጋጁ ይታሰብበት።

ሦስተኛው የሰውየው አካል ነው። እኔ እዚህ ላይ ነው የምቆጨው። ብረት ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል፤ ሰው እንደዚያ አይደለም። ለሞተር ነጂ የሚሆን የጉዞ መድን ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ልክ ይደረግለታል፤ የሞተሩ መጠን (የሲሊንደሩ ይዘት) ከ125 ሲሲ እንዳይበልጥ የሚል በብዙ ውል አለ። ለጉብኝት የሚከራዩት ሞተሮች ግን ከዚያ በላይ ናቸው። ሰው የሚወደው ሮያል ኢንፊልድ ሂማልያን ከ400 ሲሲ በላይ ነው። ስለዚህ መድን ያለው መስሎት ያለ መድን ይነዳል። ከዚያ መንጃ ፈቃድ አለ። የአውቶ መንጃ ፈቃድ ሞተር አያስነዳም፤ እዚህ ትራፊክ ቢያልፍህ እዚያ ኢንሹራንሱ አያልፍህም። ሄልሜት ሳያደርጉ መንዳት፣ ጠጥቶ መንዳት፣ ከአስፋልት ውጭ መውጣት፤ እነዚህም ካሳ ያስቀራሉ። የመጨረሻዋ በተለይ ትጎዳለች። የሞተር ጉዞ ደስታው ጠጠር መንገዱ አይደል? ጠጠር መንገድ እና መንገድ የሌለበት ሜዳ በውሉ እንደ አንድ ይታዩ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍልን።

የሕክምናው ገንዘብ ስንት ድረስ እንደሚሄድም ይነገረን። ከጉዳት ቦታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ማድረስ አንድ ወጪ ነው፣ ሆስፒታሉ ሌላ ወጪ ነው፣ ወደ አገር መመለሱ ሌላ ነው። ለምሳሌ በ1957 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአምሬፍ ፍላይንግ ዶክተርስ ናይሮቢ ዊልሰን ኤርፖርት ላይ ሆኖ በአውሮፕላን አምቡላንስ ይሠራል፤ ለጎብኚም ለአጭር ጊዜ የሚሆን የማጓጓዣ ሽፋን ይሸጣል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሰውን ሆስፒታል ያደርሳል እንጂ የአልጋውንና የቀዶ ሕክምናውን ሂሳብ አይከፍልም። ያን ሽፋን ገዝቶ "በቃ መድን አለኝ" የሚል ሰው ሆስፒታል በር ላይ ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል።

ሞት ካለስ? እንዲህ ያለውን ማንሳት ደስ አይልም፤ ግን ወሎ ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ከዓረብ አገር አስከሬን ለማስመጣት በየሰፈሩ፣ በየመስጊዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ሲዋጣ ያላየ ማን አለ? ሥራ ፍለጋ ወጥቶ የቀረ ልጅ እናቱ አፈር እንኳን ሳታለብሰው ስትቀር አይተናል። ለመንሸራሸር የሚወጣ ሰው፣ ቤተሰቡን እዚህ ጣጣ ውስጥ እንዳይከት፣ አስከሬን የመመለስ ሽፋን ውሉ ውስጥ መኖሩን፣ ሞተር ላይ ለደረሰ አደጋም መሥራቱን ሊያውቅ ይገባዋል። ይህን መናገር የእናንተ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ከእኛ ወደ ውጭ ብቻም አይደለም። አዲስ አበባ ሞተር ተከራይተው ወደ ላሊበላ የሚወጡ የውጭ ሰዎች በደሴ፣ በወልድያ ያልፋሉ። ከጦርነቱ በፊት በርከት ይሉ ነበር። አንዱ ቸርኬው ተጣሞ እኔ ጋ መጣ። እኔ ቸርኬውን እያቃናሁ እሱ ስልኩ ላይ ውሉን እያነበበ ነበር። ጎማና ቸርኬ አይሸፈንም ይላል። ከፈለ፣ አመስግኖ ሄደ። እሱ ቢያንስ የሚያነበው ውል በቋንቋው ነበረው። ለእነሱም ሌላ የሚያስቸግር ነገር አለ። የአገራቸው መንግሥት ወደዚህ አካባቢ አትሂዱ የሚል ማሳሰቢያ ካወጣ፣ ብዙ የጉዞ መድን ይሰረዝባቸዋል። አዲስ አበባ ያላችሁ አከራዮች ይህን ለእንግዳው ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት ንገሩት፤ የመጣበትን አገር ሕግ ባታውቁም ኩባንያውን እንዲጠይቅ ማሳሰብ አያቅትም።

ሞተር ልትከራዩ ለምታስቡ ደግሞ አንድ የሙያ ነገር ልንገራችሁ። ቁልፍ ስትቀበሉ ሞተሩን ዙሩትና ቪዲዮ አንሱት፤ አከራዩ ባለበት፣ ታርጋውና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው እየታየ። የፊት ፎርኩ ላይ ዘይት መውረዱን እዩ። ካቴናውን በጣት ግፉት፣ በጣም ከላላ ይነገር። የፍሬን ሸራ ስንት እንደቀረው እዩ። ሁለቱ ስፖኪዮዎች፣ አራቱ ፍሬቻዎች፣ የእጀታዎቹ ጫፍ፤ የሚጫረው እዚያ ነውና ጠጋ ብላችሁ አንሱ። ያገኛችሁት ጭረት ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ አከራዩ ይፈርም። አደጋ ከደረሰ የፖሊስ ሪፖርት ሳትይዙ ከቦታው አትራቁ፤ ከተጎዳው ሰው በስተቀር የሚያስቸኩል ነገር የለም። ብዙ ውል አደጋውን በአጭር ጊዜ ውስጥ ማሳወቅን ይጠይቃል፣ ዘግይቶ የመጣን ሰው ኩባንያ በዚያው ይመልሰዋል። መንገድ ላይ "በሽማግሌ እንጨርሰው" ማለት እኛ ዘንድ ያስመሰግናል፤ ውጭ አገር ግን ጥፋተኛ ነኝ ብሎ መፈረም ካሳውን ሊያስቀር ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። የአከራዩን ውል ስትጥሱ፣ ያልተመዘገበ ሰው ሲነዳ ወይም ያልተፈቀደ ድንበር ስትሻገሩ፣ የእሱ ኢንሹራንስ ለእሱ ከፍሎ ሲያበቃ በእሱ ቦታ ሆኖ እናንተን ሊጠይቅ ይችላል። "ሞተሩ እኮ ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረው" የሚለው መልስ እዚያ ላይ አይሠራም።

ወደ እናንተ ልመለስ። ኩባንያዎች ሆይ፣ የምንጠይቃችሁ ገጽ ብዙ ሥራ የለውም። ሞተር ይሸፈናል ወይስ አይሸፈንም፤ ከተሸፈነ እስከ ስንት ሲሲ፤ የትኛው መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የኋላ ተቀማጭ ይገባል ወይ፤ ጠጠር መንገድ ይፈቀዳል ወይ፤ ሕክምናው እስከ ስንት ነው፤ ማድረስና መመለሱስ፤ አደጋ ሲደርስ የሚደወልበት ቁጥር የቱ ነው፣ ሌሊት ያነሳል ወይ? ከዚያ በኋላ ያለው ያው ረጅሙ ውል ነው፤ እሱን ማንም አልጠላም። ገጹን ደግሞ መስኮት ላይ ያሉት ሠራተኞቻችሁ ቀድመው ይማሩት። ወጣት ናቸው፣ ደንበኛ ያከብራሉ፤ የማያውቁትን እንዲያጽናኑ አታድርጓቸው።

የጉዞ ወኪሎች፣ እናንተ ቲኬት ሸጣችሁ መድኑን በላዩ የምትመርቁት ከሆነ ተጓዡን እዚያ ሄደህ ምን ልትነዳ ነው ብላችሁ ጠይቁት። አንዲት ጥያቄ ናት።

ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ከሽያጭ በፊት እንዲህ ያለ አጭር ገጽ መስጠትን ግዴታ ማድረግ ይችላል። እኛ ቅሬታ ይዘን ከምንመጣ፣ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ቢባል ለእናንተም ይቀላል።

ጓደኞቼ ጉዞውን ያሰቡት ለጥር ነው፤ ኬንያ ረጅሙ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት። የመድኑን ነገር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ መጨረስ አለባቸው። እስከዚያ ሞተር የሚይዝ ውልና በአማርኛ የተጻፈ ገጽ ያዘጋጀ ኩባንያ ካለ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቅርንጫፉ ላይ ይለጥፈው፤ መጥተን እንዋዋላለን። ካልተገኘም ገንዘቡን ይዘን ናይሮቢ ያሉትን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ደሴ የሚኖር ሞተር ጠጋኝ